ጀበና በኢንዳክሽን ምድጃ አልፈላ አለ፤ ለሥራ ቦታስ ምን ይሻላል?

ጥያቄ፣ ከስቶክሆልም
ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። የቤቴ ምድጃ ኢንዳክሽን ነው፤ የሸክላ ጀበና ቢጣድበት ጭራሽ አይሞቅም። በምን ላይ ላፍላ? ቡና ሲቆላ የጭስ ማስጠንቀቂያው እንዳይጮህስ ምን ይደረጋል? የሥራ ቦታዬም ምድጃ ያው ኢንዳክሽን ነው።

መልስ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ
እህቴ፣ ኢንዳክሽን የሚያግለው ማግኔት የሚስበውን ብረት ብቻ ስለሆነ ሸክላ ላይ አይሠራም። በመሃል የሚገባ ዝርግ ብረት ይሸጣል፤ ለጀበና ግን አልመክርሽም። የጀበና ቂጥ ድቡልቡል ስለሆነ የጋለውን ብረት የሚነካው በጥቂቱ ነው፤ ሙቀቱ እዚያች ቦታ ላይ ይከማችና ሸክላውን ይሰነጥቀዋል። ከ1000 እስከ 1500 ዋት የሆነች፣ ሙቀቷ በማዞሪያ ከፍና ዝቅ የሚል ትንሽ የኤሌክትሪክ ምድጃ ግዢ።

ጀበናው አዲስ ከሆነ መጀመሪያ ይሟሽ። ሳሙና ሳይነካው በውሃ ብቻ ይታጠብ፤ ውሃና የቡና አተላ ይጨመርበትና በዝግታ ይፍላ፤ ከዚያ እንዳለ ይቀዝቅዝ። ሁለት ሦስቴ ሲደገም የቡናው ቅባትና ደቃቁ የሸክላውን ቀዳዳ ስለሚደፍን ውሃ ማዣቱን ያቆማል። በወተት የሚያሟሹ አሉ፤ ወተት ቀዳዳው ውስጥ ቀርቶ ስለሚሸት እኔ አልደግፈውም። ባዶ ጀበና አይጣድ፣ በጋለ ጀበናም ቀዝቃዛ ውሃ አይጨመር። የቶናውን ውሃ አስቀድመሽ በማንቆርቆሪያ አሙቂው።

ለስድስት ሲኒ ግማሽ ሊትር ውሃና ከ35 እስከ 40 ግራም የተፈጨ ቡና ይበቃል፤ በሾርባ ማንኪያ ሞላ ሞላ አድርገሽ አራት ያህል ነው። ውሃው ከጀበናው ሆድ ሁለት ሦስተኛውን አይለፍ። የመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች በትንሽ እሳት ይሁኑ፤ ሸክላውና ውሃው አብረው ይሙቁ። ከዚያ ወደ መካከለኛ ከፍ አድርጊው። ውሃው ማጉረምረም ሲጀምር ቡናውን ጨምሪና ጀበናውን በቀስታ አወዛውዢው።

ውጭ አገር ብዙ ሰው ቡናው መረረብኝ የሚለው ከዚህ በኋላ ባለው ነገር ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ስቶክሆልም ግን በባሕር ጠረፍ ላይ ናት፣ ውሃዋ የሚፈላው 100 ላይ ነው። በዚህ ልዩነት ያው ቡና፣ በያው ጀበና፣ በያው ደቂቃ ብዙ ምሬት ይለቃል። ስለዚህ እንደ አገር ቤቱ ለረጅም ጊዜ አታንተክትኪው። አንገቱ ድረስ ሲገነፍል አንሺው፤ ትንሽ ወደ ሲኒ ቀድተሽ መልሺበት፤ እንደገና ጣጂውና ሁለተኛ ሲገነፍል አውርጂው። አቦሉ በዚህ ይበቃዋል። የሚቀጥን ከመሰለሽ ቡናውን ጨምሪ እንጂ የመፍያ ጊዜውን አታርዝሚ።

ማቶቱ ላይ አምስት ደቂቃ ይስከን። ስትቀጂ ሲኒዎቹን አጠጋግተሽ ደርድሪና ጀበናውን ሳታቀኚ ከአንዱ ወደ አንዱ እለፊ። በየሲኒው መሃል ቀና ካደረግሽው የሰከነው አተላ ይነሣል።

መልስ፣ ከአሽዶድ
የሲልቨር ስፕሪንጉ ጋሼ ያሉት መጠን የሚሠራው ቡናው በልኩ ከተፈጨ ነው። እዚህ እስራኤል ሱቅ ውስጥ ተፈጭቶ የሚሸጠው ጥቁር ቡና እንደ ዱቄት የላመ ነው፣ ሄል የገባበትም አለ። ለጀበና አይሆንም፤ አይሰክንም፣ ሲኒው ውስጥም ይደፈርሳል። በጣም የሻከረው ደግሞ ቀጥኖ ይወጣል። እንደ ደቃቅ ጨው ይሁን። ምላጭ ባለው መፍጫ የሚፈጭ ሰው ሦስት ሦስት ሰከንድ እያቆመ መፍጫውን ያናውጠው፤ በአንድ ጊዜ ካስኬደው ግማሹ ይልማል፣ ግማሹ ክክ ሆኖ ይቀራል።

ቡናው በተቆላበት ሰዓት ሲፈላ እጅግ የሚገነፍለው ውስጡ የታመቀው ጋዝ ገና ስላልወጣለት ነው። የዚያን ዕለት የተቆላ ከሆነ ጀበናው ከግማሽ አይለፍ። አንድ ሌሊት ካደረ ይረጋል።

መልስ፣ ከለንደን
ስለ ጭሱ፦ በአንድ ጊዜ ከ100 ግራም በላይ አይቆላ። ያ ሲቆላ 83 ግራም አካባቢ ይሆናል፤ ለሁለት ጀበና ይበቃል። መጥበሻው የብረት ይሁን፤ የማያጣብቅ ቅብ ያለው መጥበሻ ከመጠን በላይ ሲግል ጎጂ ጭስ ያወጣል። እጅ ሳያርፍ ሲታመስ 200 ዲግሪ ገደማ ላይ መንጣጣት ይጀምራል። ብዙው ጭስ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ስለሆነ፣ መንጣጣቱ ካበቃ በኋላ አንድ ደቂቃ ቆይታችሁ አውርዱት። ፍሬው የወዛ እስኪመስል የምትጠብቁ ከሆነ ጭሱ እጥፍ ነው። እንዳወረዳችሁ በሽቦ ወንፊት አድርጋችሁ መስኮት ላይ ወይም በረንዳ ላይ አቀዝቅዙት፤ በጋለው መጥበሻ ከተተወ መቆላቱም መጨሱም ይቀጥላል።

ከምድጃው በላይ ያለው አየር መሳቢያ ወደ ውጭ የሚያስወጣ መሆኑን አረጋግጡ። አንዳንዱ አየሩን በከሰል ማጣሪያ አሳልፎ መልሶ እዚያው ክፍል ውስጥ ይለቀዋል፣ ለቡና ጭስ አይረዳም። ማስጠንቀቂያውን መሸፈን ወይም ባትሪውን ማውጣት ግን በፍጹም አይደረግ። ለዕጣንም ቢሆን በተዘጋ ክፍል ከሰል አታንድዱ፤ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ይገድላል። በገልፍ አገሮች ለቡኹር፣ ማለትም ለእነሱ ዕጣን፣ የሚጠቀሙበት የኤሌክትሪክ ማጨሻ ለእኛም ዕጣን ይሆናል።

ሌላው ውሃው ነው። እንደ ለንደን ኖራ የበዛበት ውሃ የይርጋጨፌን ለስለስ ያለ ጎምዛዛነት ያጠፋዋል፤ ማጣሪያ ያለው ጆግ ልዩነቱን ወዲያው ያሳያል።

መልስ፣ ከሮም
ለሥራ ቦታ ሞካ ነው፤ ከታችኛው ክፍሏ የሚፈላው ውሃ በማጥለያ ውስጥ ባለው ቡና አልፎ ወደ ላይኛው የሚወጣባት የጣሊያን ቡና ማፍያ ናት። በ1933 ጣሊያን ውስጥ የወጣችው የመጀመሪያዋ ሞካ አሉሚኒየም ናት፤ አሉሚኒየም ደግሞ ኢንዳክሽን ላይ አይሞቅም። ስለዚህ ቂጧ ማግኔት የሚይዝ የማይዝግ ብረት የሆነችውን ግዢ። አንዳንድ ምድጃ ግን ቂጧ ስለሚጠበው አያያትም። ያኔ ጋሼ ለጀበና የከለከሉት ዝርግ ብረት ለሞካ ያገለግላል።

ባለ ሦስት ሲኒዋ 150 ሚሊ ሊትር ገደማ ውሃና ከ15 እስከ 17 ግራም ቡና ትይዛለች። የሞቀ ውሃ ከደህንነት ቫልቩ በታች እስኪሆን ጨምሪ። ማጥለያውን በቡና እስከ አፉ ሙዪውና አስተካክዪው፣ ግን አትጫኚው። ጠርዙን ጥረጊና ታችኛውን በፎጣ ይዘሽ አጥብቂ። በትንሽ እሳት ክዳኑን ከፍተሽ ጠብቂ፤ ቡናው ቀጭን ሆኖ ይወርዳል። ቀለሙ ወደ ቢጫ ሲሄድና ማንኮራፋት ሲጀምር አውርጂና ታችኛውን በእርጥብ ጨርቅ ያዢው፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው እንፋሎትና ምሬት ብቻ ነው።

ጥያቄ፣ ከስቶክሆልም
እግዜር ይስጥልኝ። የሥራ ባልደረባዬ ሞካ ከመገጣጠሚያው እንፋሎት ታስወጣለች፣ ቡናውም አይወጣም። ከቤት ይዞ መሄድስ ይሻላል?

መልስ፣ ከሮም
ጎማዋ ደርቃለች፣ ወይም ጠርዙ ላይ የቡና ደቃቅ አለ። ጎማው በርካሽ ይለወጣል፣ መጠኑ ከሞካዋ ጋር ይመሳሰል እንጂ። ቫልቩ ሲያፏጭ ከታየ ቡናው ልሟል ወይም ተጭኗል፤ ወዲያው ከእሳት ይውረድ፣ ሳይቀዘቅዝም አይከፈት። ቫልቩ ላይ ኖራ ከተጋገረና ሲጫኑት ካልተንቀሳቀሰ ይቀየር።

መልስ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ
የጀበና ቡና ይዞ ለመሄድ ፔርሙዝ ይሆናል። ፔርሙዙን በፈላ ውሃ ሞልተሽ አምስት ደቂቃ አቆዪውና ድፊው፤ ከዚያ የሰከነውን ቡና ብቻ አጥልለሽ ጨምሪ። አተላ አብሮ ከገባ መንገድ ላይ መምረሩን ይቀጥላል። ስኳር ሲኒ ላይ ይጨመር፤ ፔርሙዙ ውስጥ ከገባ የክዳኑ ጎማ ይጣበቅና ይሸታል። ጎማውን በየሳምንቱ አውጥተሽ በሞቀ ውሃና በቤኪንግ ሶዳ እጠቢው።