የፒያሳ ነጋዴዎችን ምን ብለን እንጠይቅ?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጎንደር ፒያሳ የምንሠራ ነጋዴዎች ተሰባስበን ለማዘጋጃ ቤቱ የማሻሻያ ሐሳብ ልናቀርብ ነው። አንዱ የመንገድ መብራት ይላል፣ ሌላው የጎርፍ መውረጃ ቦይ፣ ሌላው የባጃጅ መቆሚያ፣ ሌላው ሽንት ቤት። ከመሄዳችን በፊት የሁሉንም ሐሳብ በመጠይቅ እንሰብስብ ተባለና ሥራው ለእኔና ለሁለት ወጣቶች ተሰጠን። ወደ 200 ሱቅ አለ። ግን ወረቀት ይዘን ስንገባ ሰው ይደነግጣል። «ከገቢዎች ነው የመጣችሁት?» ይሉናል። ምን እንጠይቅ? ስንት ሰው ይበቃል? መቼ ብንሄድ ይሻላል?

መልስ (ቅዳሜ ገበያ ጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ)፦
ወንድሜ፣ ቢፈሩ አይፈረድባቸውም። በ2009 ዓ.ም. ክረምት የቀን ገቢ ግምት ሲወጣ የሆነውን የትኛውም ነጋዴ አይረሳውም። ያኔም የመጡት ሱቅ ለሱቅ እየዞሩ የሚጠይቁ ሰዎች ነበሩ። «በቀን ስንት ትሸጣለህ?» የሚል ነገር ከወረቀታችሁ ላይ ጨርሶ አይኑር። ስም አትጻፉ፣ የግብር ከፋይ ቁጥርም አትጠይቁ። ሁለቱ ወጣቶች ብቻቸውን አይግቡ። ሁሉም የሚያውቀው አንድ ነጋዴ ወይም የእቁብ ዳኛ አብሯቸው ይዙር። እሱ «የራሳችን ጉዳይ ነው» ካለ በሩ ይከፈታል።

ሐምሌን ተዉት፤ ግብር የሚከፈልበት ወር ነው። ቅዳሜም አይሆንም፣ ገበያ ነው። የጥምቀት ሰሞን ደግሞ ከተማው በእንግዳ ይሞላል፣ ማንም ቆሞ አያዋራችሁም። ከሰኞ እስከ ረቡዕ፣ ረፋዱ ላይ ሂዱ።

መልስ (የከተማ ፕላን ባለሙያ)፦
ብዙ ሰው ስንት ሰው መጠየቅ እንደሚበቃ በያማኔ ቀመር (የናሙና መጠን ማስያ ነው) ያሰላል። 200 ሱቅ ካለ፣ በ5 በመቶ የስህተት ህዳግ ወደ 133 ይመጣል። እኔ ግን ሁሉንም ጠይቁ እላለሁ። 133 ከደረሳችሁ 200ው ሩቅ አይደለም። ያልተጠየቀው ነጋዴ ነገ «እኔን ማን አማከረኝ?» ሲል መልስ አይኖራችሁም።

መጀመሪያ ግን መንገዱን በእግራችሁ ዙሩና እያንዳንዱን ሱቅ በንድፍ ላይ ቁጥር ስጡት። የተዘጋውንም ጻፉ። የተዘጋ ሱቅ ራሱ መረጃ ነው። በሚቀጥለው ቀን በሌላ ሰዓት ተመለሱበት፤ አለዚያ ጠዋት የሚከፍተውን ብቻ ጠይቃችሁ ማታ የሚሠራው ይቀራል። የማታው ነጋዴ ስለ መብራት የሚለው ከጠዋቱ ጋር አንድ አይሆንም።

መጠይቁ ከ10 ደቂቃ አይለፍ። «መብራት ያስፈልጋል ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ የማይፈልግ የለም። ይልቅ «ማዘጋጃ ቤቱ በዚህ ዓመት አንድ ነገር ብቻ የሚሠራ ቢሆን የትኛው ይሁን?» በሉ። ከዚያ «ሁለተኛውስ?» ቅደም ተከተል የሚወጣው ከዚህ ነው። ስልክ ካላችሁ ኮቦኮሌክትን ጫኑ፤ ኮቦ ቱልቦክስ በሚባለው ሥርዓት መጠይቅ በስልክ የሚሞላበት መተግበሪያ ነው። ኔትወርክ ባይኖርም ይሞላል፣ ኋላ ይላካል። መጀመሪያ አምስት ስድስት ሱቅ ላይ ሞክሩትና ሰው የተደናገረበትን ጥያቄ አስተካክሉ።

መልስ (አትክልት የምትሸጥ እህት)፦
ሱቅ ሱቅ ብቻ አላችሁ። ጉሊት የምንቀመጠውስ? እግረኛ መንገዱ ይስተካከል ሲባል ቀድሞ የሚነሳው የእኛ ሸራ ነው። ባጃጅ ነጂዎቹም መቆሚያው የት እንደሚሻል ከማንም በላይ ያውቃሉ። እኛን ሳትጠይቁ የምታቀርቡት ሐሳብ የባለሱቅ ሐሳብ ብቻ ነው የሚሆነው፣ ልጆቼ።

መልስ (ፒያሳ ተከራይ)፦
እናቴ ልክ ናት። እኔ ሌላ ነገር ልጨምር። «ቤቱ የማን ነው?» የሚለውን ጠይቁ። ትርፍ ቤት በወረሰው በአዋጅ 47/1967 ከተወረሱት ቤቶች ውስጥ ዛሬም የቀበሌ ቤት ሆኖ የሚከራይ አለ። የግለሰብ ቤት የተከራየም አለ። የራሱ ቤት ያለው ግንባሩን ቀለም ቀባ ቢሉት ይቀባል። ተከራዩ ግን «አሳምሬው ኪራይ ቢጨመርብኝስ? ወይ ልቀቅ ብባልስ?» ብሎ ይሰጋል። ሁለቱን በአንድ ላይ ከደመራችኋቸው ውጤቱ ማንንም አይመስልም። ለየብቻ አስሉት።

ደግሞ ብዙው የፒያሳ ሕንፃ በጣሊያን ጊዜ የተሠራ ነው። ፋሲል ግቢም ከ1979 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኔስኮ ተመዝግቦ አጠገባችን አለ። ስለ ታፔላና ስለ ግንባር እድሳት ከመጠየቃችሁ በፊት ምን እንደሚፈቀድ ከባህልና ቱሪዝም አጣሩ። የማይፈቀድ ነገር አስመርጣችሁ ሰውን ተስፋ አታስቆርጡ።

ጠያቂው፦
እግዜር ይስጥልኝ። እትዬ፣ ጉሊትና ባጃጅ ይገባሉ፤ ለእነሱ አጠር ያለ ሌላ መጠይቅ እናዘጋጃለን። አንድ ጥያቄ ቀረኝ። «ለማሻሻያው መዋጮ ታዋጣለህ?» የሚለውን እናስገባ ወይ?

መልስ (የከተማ ፕላን ባለሙያ)፦
በዚህ ዙር አታስገቡት። ብር ሲነሳ ሰው ይሸሻል፣ የቀረው መልሱም ይበላሻል። መጀመሪያ ውጤቱን በአንድ ገጽ ጽፋችሁ፣ ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ሳትሄዱ በፊት፣ ለመለሱላችሁ ሰዎች አሳዩ። የትኛው ስንት ድምፅ እንዳገኘ ይዩት። መዋጮ የሚነሳ ከሆነ በዚያ ስብሰባ ላይ ይነሳል፤ ቢቻል አንድ ነጋዴ ራሱ ያንሳው።

መልስ (ቅዳሜ ገበያ ጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ)፦
ስብሰባውን እሑድ ከሰዓት አድርጉት፣ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ ካረፈ በኋላ። ሽንት ቤቱ ስንተኛ እንደወጣም እዚሁ ንገሩን። እኛም ጋ ያው ነው ችግሩ።