ኤጂ 100 ሲሞቅ ራሱ ይጮሃል፤ የባጃጅ ካርቡሬተር ልግጠምለት?

የአቶቴ ልጅ

ሰላም ናችሁ የሐዋሳ ልጆች። ያማሃ ኤጂ 100 ከጨረታ ገዛሁ። ያ ከፊትም ከኋላም የዕቃ መጫኛ ያለው፣ በግራም በቀኝም መቆሚያ ያለው የገጠር ሞተር። ግቢ ውስጥ ዛፍ ሥር ለዓመታት ቆሞ ስለነበር አይጦች ወንበሩን ቤት አድርገውት ነበር። ለማንኛውም በስንት መከራ ተነሳ።

ቀዝቃዛ ሲሆን ቆንጆ ነው። ከአቶቴ ፒያሳ ደርሶ ሲሞቅ ግን ጋዙን ብለቀውም ራሱ ይጮሃል፣ አይወርድም። ወደ ቱላ ስሄድ ትንሽ ዳገት ካገኘ ጉልበት አጥቶ ይጠፋል። ቆም ብዬ ሲበርድ መልሶ ይነሳል። ካንዴላውን ፈታሁት፤ ነጭ ነው፣ አመድ የነሰነሱበት ይመስላል።

አንድ መካኒክ "ካርቡሬተሩ አልቋል፣ የባጃጅ እንግጠምለት" አለኝ። ሞተሩን የፈለግኩት ለኩ ላለችን እርሻ መመላለሻ ነው። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ባለሦስት እግር

ግጠምና ተገላገል ባክህ። የባጃጅ ዕቃ እንደሆነ በየሱቁ ሞልቷል። ጓደኛዬ ገጥሞ እየነዳ ነው።

ጋሽ ቶርኖ

ባለሦስት እግር፣ ጓደኛህ ዳገት ወጥቷል ወይስ ሐይቅ ዳር ነው የሚዞረው? አሁን መንገድ ላይ የምናያቸው ባጃጆች አብዛኞቹ ፎር ስትሮክ ናቸው፤ ኤጂ ቱ ስትሮክ ነው፣ ዘይቱን ከቤንዚን ጋር አብሮ የሚያቃጥል። የባጃጁ ካርቡሬተር ጂግለር፣ ቤንዚን የሚያሳልፈው ቀጭን ቀዳዳ፣ የተለካው ለሌላ ሞተር ነው።

የአቶቴ ልጅ፣ አንተ ደግሞ እጅህን ከካርቡሬተሩ ላይ አንሳ። ነገር ከሥሩ ነው። ነጭ ካንዴላ፣ ሲሞቅ አልወርድም ማለት፣ ዳገት ላይ መጥፋት፤ ሦስቱ ሲገጣጠሙ ሞተሩ በሌላ ቀዳዳ አየር እየሳበ ነው ማለት ነው። አየሩ ሲበዛ ቤንዚኑ ይሳሳል፣ ሙቀቱ ይጨምራል። በዚሁ ለኩ ድረስ ከተመላለስክ ፒስተኑ ይበሳል። አዲስ ካርቡሬተር ብትገጥምም ቀዳዳው እዚያው ነው።

እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው የክራንኩን ኦይልሲል ነው፤ የሞተሩ ዘንግ ዳር አየርና ዘይት እንዳያልፍ የሚይዘውን የጎማ ቀለበት። ሁለት ናቸው። በክላች በኩል ያለው ሲያልቅ የማርሽ ዘይት ይስባል፤ መንገዱን ጭስ በጭስ ያደርገዋል፣ የማርሽ ዘይቱም ይጎድላል። በማግኔት፣ የካንዴላውን እሳት በሚያመነጨው፣ በኩል ያለው ሲያልቅ የሚስበው አየር ነው፣ ጭስ የለውም። አንተ ስለ ጭስ ምንም አላልክም። ሞተር ለዓመታት ሲቆም የኦይልሲሉ ጎማ ይደርቃል፣ ከንፈሩ ዘንጉን መያዝ ያቅተዋል።

ጋራዥ ሳትሄድ ቤትህ ታረጋግጠዋለህ። ማርሚታውን (የጭስ መውጫውን) እና ካርቡሬተሩን ፍታ። ሁለቱን አፎች በከመነዳሪ (በጎማ ውስጠኛ ላስቲክ) ቁራጭ ሸፍነህ በላሜራና በቡሎን አጥብቅ። አንድ የሞተ ካንዴላ ወስደህ ነጩን ሸክላ ስበር፣ ብረቱ ብቻ ይቅር። በቀዳዳው የከመነዳሪ ነፋስ መሙያ አስገብተህ በኢፖክሲ አጣብቀው፣ እስከ ነገ ተወው። ከዚያ ካንዴላው ቦታ እሰረው። ፒስተኑን ታች አድርሰው፤ አለዚያ አየሩ ክራንኩ ጋ አይደርስም። አሁን በቢስክሌት ፓምፕ በቀስታ ንፋ። 6 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ) ይበቃል። እንደ ጎማ ከነፋኸው ደህናውን ኦይልሲል ትገለብጠዋለህ፣ ስለዚህ መለኪያ ያለው ፓምፕ ተዋስ። ከዚያ የኦሞ ውሃ በብሩሽ ከማግኔቱ ጀርባ፣ ከሲሊንደሩ ግርጌ፣ የካርቡሬተሩ ማያያዣ ላይ ቀባ። አረፋ የሠራበት ቦታ ሌባው እሱ ነው። ስትጨርስ ማግኔቱን በደንብ አድርቅ።

"ኦሪጅናል የለም" ለሚሉህ አትጨነቅ። ኦይልሲሉ ፊት ላይ ሦስት ቁጥር አለ፤ የውስጥ ስፋት፣ የውጭ ስፋት፣ ውፍረት። ኩሽኔታ የሚሸጡበት ሱቅ ሄደህ ቁጥሩን አሳይ፤ የያማሃ ነው ማለት አያስፈልግህም። ሙቀትና ቤንዚን የሚችለውን ስጡኝ በል። ማግኔቱን ግን በመፍቻው፣ በሚስበው፣ አውጣ። በመዶሻ የሚመታልህ ካለ ሞተርህን ይዘህ ውጣ።

ከይርጋለም

ጋሽ ቶርኖ ያሉት ልክ ነው። እኔ ኤጂን ለሥራ ገጠር ለገጠር ነድቼዋለሁ፤ ሴት ስለሆንኩ ሰው ቆሞ ያየኝ ነበር፣ አሁን ለምደውኛል። አንድ ልጨምር። ሰንሰለቱ በሽፋን ውስጥ ስለሆነ ማንም አያስታውሰውም። አንተ ግን ክፈተው። የእኔው ሽፋን ውስጥ ያገኘሁት ሰንሰለት ሳይሆን ዝገት ነበር።

የአየር ማጣሪያውም ስፖንጅ ነው፤ ከቆመ እንደ ዳቦ ይፈረፈራል። እኔ ከፍራሽ ስፖንጅ ቆርጬ ሠርቻለሁ። ግን ዝም ብለህ አትቁረጥ። ቁራጩን ቤንዚን ውስጥ አሳድረው፤ ካበጠ ወይም ከሟሸሸ አይሆንም። በአፍህም ንፋው፣ አየር ካላሳለፈ ሌላ ፈልግ። ዘይት ነክረህ ጨምቀህ ነው የሚገጠመው። የደረቀ ስፖንጅ የመንገዱን አቧራ ቀጥታ ወደ ሲሊንደር ነው የሚያስገባው።

የአቶቴ ልጅ

እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ፣ አንቺም እህቴ ተባረኪ። ሌላ ጉድ አገኘሁ። የዘይት ፓምፑ ተነቅሏል፣ ቀዳዳው በቪቴ ተደፍኗል። መካኒኩ "ዘይቱን በግምት ከቤንዚን ቀላቅል" ብሎኝ ነበር። ግምቱ ስንት ነው?

ጋሽ ቶርኖ

ግምት የሚባል ነገር የለም። ለ1 ሊትር ቤንዚን 40 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም 25 ለ 1። ከፋርማሲ ትልቅ ስሪንጅ ግዛና በእሱ ለካ። መጀመሪያ በጀሪካን ቀላቅለህ፣ ነቅንቀህ፣ ከዚያ ነው ሰልባትዮው (የቤንዚን ታንከሩ) ውስጥ የምትጨምረው። የቱ ስትሮክ ዘይት ይሁን። የመኪና ዘይት የሚጨምሩ አሉ፤ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ማርሚታው በከሰል ይዘጋል፣ ከዚያ ደግሞ ካርቡሬተሩ ነው ይሉሃል።

የዘይት ፓምፕ ከሌለህ ቁልቁለት ላይ ተጠንቀቅ። ሐገረ ሰላም ከ2,700 ሜትር በላይ ነው፣ ሐዋሳ 1,700 አካባቢ። ያን ሁሉ ቁልቁለት ጋዝ ዘግተህ በማርሽ ይዘህ ከወረድክ ቤንዚን አይገባም፣ ዘይትም አይገባም፣ ሞተሩ ግን ይሽከረከራል። በየመሃሉ ክላች ይዘህ ጋዝ ስጠው።

የአቶቴ ልጅ

ነፋሁት! አረፋው ከማግኔቱ ጀርባ ቡልቅ ቡልቅ ይላል። ከሲሊንደሩ ግርጌም ትንሽ ትንሽ አለ። ኦይልሲሉን አዝዣለሁ። የግርጌውን እስከዚያ በሲሊኮን ልድፈነው?

ጋሽ ቶርኖ

ሲሊኮን አታስገባ። ቤንዚን ያላላዋል፣ ቁራጩም ወደ ውስጥ ሊገባ ይችላል። የግርጌውን ጋስኬት ራስህ ሥራው። የጋስኬት ወረቀት ካገኘህ ግዛ፤ ካጣህ ለጊዜው ጠንካራ የፋይል ካርቶን ይሆናል። ወረቀቱን ክራንክ ኬዙ ላይ አንጥፈህ ጠርዝ ጠርዙን በትንሽ መዶሻ ቀስ እያልክ ቀጥቅጥ፤ ብረቱ ራሱ ይቆርጥልሃል። ከዚያ በፊት ግን ክፍቱን አፍ በንጹሕ ጨርቅ ድፈን፣ ፍርፋሪ እንዳይገባ። የድሮውን ውፍረት ለክተህ እኩል አድርገው፤ ከወፈረ ሲሊንደሩ ከፍ ይልና ኮምፕረሽኑ ይቀንሳል። ስትጨርስ እንደገና ንፋው፤ አረፋ እስካለ ድረስ እንዳታስነሳው።