የመሀል ግድግዳ ስናስፈርስ ኮርኒሱ ጎበጠ፤ አሁን ምን ላድርግ?

የሽሮሜዳዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ፣ እየመሸ ነው። የእናቴን ቤት እያሳደስን ነው። ሳሎኑ ጠባብ ስለሆነ ከመኝታ ቤቱ ጋር ልናቀላቅለው አስበን ሠራተኞቹ ዛሬ የመሀሉን ግድግዳ ማፍረስ ጀመሩ። ግማሹን እንዳፈረሱት ኮርኒሱ መሀሉ ላይ ወደ ታች ጎበጠ። የመኝታ ቤቱ በርም አልዘጋ አለ። እነሱ «ምንም አይሆንም፣ ነገ ጠዋት ቀሪውን እንጥለዋለን» ብለው ሄዱ። አሁን ስልክ አያነሱም። እናቴ ጓዳ ናት፣ «ቤቴን ትቼ የትም አልሄድም» ብላለች። ሰማዩ ጠቁሯል። ዛሬ ማታ ምን ላድርግ? የውጭው ግድግዳ ላይ በቅርቡ ያስለሰንነው ሲሚንቶም እየተላጠ ነው። ለእሱም መላ የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ።

ቤቲ ቀለም፦
አይዞሽ የኔ እህት። ግን ግድግዳው ምንድን ነው? ጭቃ ነው ወይስ ብሎኬት? ጣሪያው ቆርቆሮ ነው? መቼ የተሠራ ቤት ነው? ፎቶ ካለሽ አያይዢው።

ጋሼ ነባር፦
ልጄ፣ የድሮ ቤት እድሳት በመዶሻ አይጀመርም። በዓይን ነው የሚጀመረው። መጀመሪያ ጣሪያውን ታያለሽ። የት ያፈሳል? ምስማሩ የት ዝጓል? አሸንዳው ውሃውን የት ይጥለዋል? ቀጥሎ የግድግዳውን እግር፣ ከዚያ ቋሚዎቹን፣ ከዚያ የኤሌክትሪክ መስመሩን ታያለሽ። ልስንና ቀለም የመጨረሻ ነው። አሁን አሁን ሰው የሚጀምረው ከኮርኒስና ከቀለም ነው። ሳሎኑ አምሮ ይከርምና ሐምሌ ሲገባ ከላይ ያፈሳል። ያ ሁሉ ወጪ ውሃ በላው ማለት ነው።

እንጨቱም እንደ ዘመኑ ይለያያል። ባህር ዛፍ ወደ አገራችን የገባው በአፄ ምኒልክ ጊዜ ነው። እሱ በየቦታው ከመብዛቱ በፊት ለቋሚ የሚፈለገው የአበሻ ጥድ ነበር። ጥድ ምስጥ አይደፍረውም። ባህር ዛፍ ግን መሬት ውስጥ የተቀበረው እግሩ ይበሰብሳል፣ ከላይ ሲያዩት ግን ደህና ይመስላል። ስለዚህ ግድግዳ ከመነካቱ በፊት የእያንዳንዱን ቋሚ እግር በካቻቢቴ ወግቶ ማየት ነው። ካቻቢቴው ሰተት ብሎ ከገባ ያ ቋሚ አልቆለታል። እንግዲህ የዛሬ ልጆች ይህን ሳያዩ…

የኮልፌው አናጢ፦
ጋሼ፣ የሚሉት ሁሉ ልክ ነው። ግን መጀመሪያ ዛሬ ማታን እንለፈው።

እህቴ፣ ኮርኒሱ ብቻ ቢጎብጥ ቀላል ነበር። በሩ አልዘጋ ካለ ግን የጣሪያው ክብደት ወደ በሩ መቃን ወርዷል ማለት ነው። የመሀሉ ግድግዳ ጣሪያ ተሸክሞ ነበር። በጭቃ ቤት ይህ የተለመደ ነው። የመሀል ግድግዳው ቋሚዎች ኮርኒሱን አልፈው ወጥተው የጣሪያውን አግዳሚ ይይዛሉ። ከታች ሆኖ ለሚያይ ክፍል ለመለየት ብቻ የቆመ ግድግዳ ይመስላል።

ከጎበጠው ኮርኒስ ስር ማንም አይቁም፣ ማንም አይተኛ። የሰፈር አናጢ ጥሪ፣ ራስሽ አትግቢ። ወፈር ያለ የባህር ዛፍ እንጨት ያስፈልገዋል። ከፈረሰው ግድግዳ ግራና ቀኝ ወለሉ ላይ ወፍራም ጣውላ ያጋድም፣ ክብደቱ አንድ ቦታ ላይ እንዳያርፍ። ከላይ ደግሞ ኮርኒሱን ራሱን መደገፍ ምንም አይጠቅምም። ድጋፉ በሚቆምበት ቦታ ኮርኒሱን ቀዶ አግዳሚውን ራሱን መያዝ አለበት። እንጨቱን ቀጥ አድርጎ አቁሞ እግሩ ስር ከሁለት ወገን ሽብልቅ እያስገባ ቀስ ብሎ ያጥብቀው። እስኪይዝ ብቻ። ጣሪያውን ዛሬውኑ ወደ ቦታው ልመልስ ብሎ በኃይል ከገፋው ሌላው ጎን ይነቀላል።

እንጨት ሲሰነጠቅ የሚሰማ ድምፅ ካለ፣ ወይም ጉብጠቱ እየጨመረ ከሆነ፣ አናጢውም አይግባ። ሁላችሁም ወጥታችሁ እደሩ።

ማሜ ኤሌክትሪክ፦
ከሁሉም በፊት ቆጣሪው ጋ ያለውን ዋና ማጥፊያ አውርጂ። በድሮ ቤት መስመሩ ከኮርኒሱ በላይ ነው የሚያልፈው። የሽቦው ልባስ ደርቆ በእጅ ሲነካ ይፈረፈራል። ኮርኒሱ ሲወርድ ሽቦውን ይስበዋል፣ መጋጠሚያው ይላቀቃል። የተላቀቀው ጫፍ ቆርቆሮውን ከነካ ጣሪያው በሙሉ ኤሌክትሪክ ይይዛል። ዝናብ ከመጣ ደግሞ ይብሳል። በእጅ ባትሪ ሥሩ። ሻማ አታብሩ፣ በተለይ ኮርኒሱ አቡጀዲ ከሆነ።

ለሳኙ፦
ለሚላጠው ሲሚንቶ መላው ቀላል ነው። የሽቦ መረብ በምስማር ምቱበትና እንደገና በሲሚንቶ ልሰኑት። አለቀ።

ቡና አፍቃሪ፦
እኔ ስለ ግንባታ አላውቅም፣ እናቶችን ግን አውቃለሁ። እማማን በክርክር አታስወጧትም። ጎረቤት ቡና ይፈላና «እርስዎ ካልመጡ አቦሉን አንቀዳም» ብለው ይላኩባት። በር ላይ ትደርሳለች። አንቺ ከኋላ ጋቢዋንና መድኃኒቷን ይዘሽ ተከተያት። ቶናውም በረካውም ይጠጣ፣ ወሬውም ይርዘም፣ እዚያው ትደር። ሳቁብኝ ግን ሞክሩት።

የሽሮሜዳዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ማጥፊያውን አወረድኩ። ግድግዳው ጭቃ ነው፣ ጣሪያው ቆርቆሮ። በንጉሡ ጊዜ የተሠራ ነው። ጎረቤት ያለ አናጢ እንጨት ይዞ እየመጣ ነው። እናቴ ቡናውን ስትሰማ ነጠላዋን መፈለግ ጀምራለች! ፎቶ በጨለማ አልወጣ አለኝ። ነገ ሠራተኞቹ ሲመጡ ግድግዳውን መልሰው ይሥሩት ልበል ወይስ ሳሎኑን ማስፋት ይቻላል?

የአያቱ፦
እኔ በሐሳቡ ራሱ አልስማማም። የጭቃ ቤት ላይ ገንዘብ አይፈስም። አፍርሳችሁ በብሎኬት ሥሩት። ዛሬ ሳሎን ታሰፋላችሁ፣ ነገ ቋሚ ትቀይራላችሁ፣ ከነገ ወዲያ ጣሪያ። በዚህ ሁሉ ወጪ አዲስ ቤት ይጀመራል። ደግሞስ ሰፈሩ ለኮሪደር ልማት ወይም ለመንገድ የሚነሳ ቢሆንስ? መጀመሪያ ወረዳ ሄዳችሁ ፕላኑን ጠይቁ።

ቤቲ ቀለም፦
ፕላኑን ጠይቁ ያልከው ልክ ነው ወንድሜ። ማንኛውም ብር ከመውጣቱ በፊት ይዞታው መንገድ ይነካዋል ወይ ብሎ መጠየቅ ግዴታ ነው። ቤቱ የቀበሌ ከሆነማ ነገሩ ሌላ ነው። በ1967ቱ አዋጅ ከተወረሱት ቤቶች ብዙዎቹ ዛሬም የመንግሥት ናቸው፣ ተከራይ ያለ ፈቃድ ግድግዳ አያፈርስም። የግልም ቢሆን ቀለም መቀባትና ተሸካሚ ግድግዳ ማንሳት እኩል አይታይም። ለሁለተኛው ፈቃድ ይጠየቃል። ደንብ አስከባሪ መጥቶ ሥራውን መሀል ላይ ቢያስቆመው፣ ጣሪያው በድጋፍ እንጨት ላይ እንደቆመ ክረምት ይገባል።

«አፍርሱት» በሚለው ግን አልስማማም። ካፈረስሽ በኋላ አዲስ ለመሥራት የፕላን ስምምነት፣ ንድፍና ፈቃድ ያስፈልጋል። ብር መሀል ላይ ካለቀስ? እናታችን በዚህ ዕድሜዋ ኪራይ ቤት ልትገባ ነው? በደንብ የተያዘ የጭቃ ቤት ቀን ይቀዘቅዛል፣ ሌሊት ይሞቃል። ሽሮሜዳ ብርዱን የምታውቁ ታውቁታላችሁ።

የአያቱ፦
ስሜት ሌላ፣ ሒሳብ ሌላ ነው። እኔ የማውቀውን ነው የምናገረው።

ሲቪል ነኝ፦
ለጥያቄሽ ልመለስ። ሳሎኑን ማስፋት ይቻላል። ግን ግድግዳው ሲሸከም የነበረውን ነገር የሚሸከም ሌላ ነገር ቀድሞ መቆም አለበት። ነገ ሠራተኞቹ «ቀሪውን እንጣለው» ካሉ አትፍቀጂ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ክፍት በሚሆነው ቦታ ሁለት ጫፍ ላይ ሁለት አዲስ ቋሚ፣ በላያቸው አንድ አግዳሚ ይሆናል። ቋሚዎቹ በቀጥታ ሊሾው ላይ አይቆሙም። የጭቃ ቤት ሊሾ ከስሩ ብዙ ጊዜ አፈር ብቻ ነው። ወለሉ ተሰብሮ ጠንካራ መሬት እስኪገኝ ተቆፍሮ ለእያንዳንዱ የአርማታ መሠረት ይሠራል። አፈሩ መረሬ ከሆነ ጠለቅ ይባላል፣ ምክንያቱም መረሬ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፣ የቆመበትንም ያነሳዋል ይጥለዋል። ለእንደዚህ ያለ ቀላል ቤት አግዳሚውን በአርማታ ባይሆን እመርጣለሁ። ይከብዳል፣ ሙሉ ጥንካሬውን ለማግኘትም 28 ቀን ያህል ይፈልጋል። እስከዚያ ድጋፉ አይነሳም። የብረት ቱቦላሬ ይቀላል፣ ቶሎም ያልቃል። መጠኑን ግን የክፍቱን ርዝመት ሳላውቅ አልነግርሽም። ማንም እዚህ ላይ ሳያይ ቁጥር ቢነግርሽ አትቀበዪው። መሐንዲስ አምጥተሽ አሳዪው።

የኮልፌው አናጢ፦
ኢንጂነር፣ ቱቦላሬ ጥሩ ነው፣ ግን ከባህር ዛፍ ወራጅ ጋር እንዴት ያስሩታል? ብየዳ እንጨት አይዝም። ደህና የደረቀ እንጨት ቢሆን ይሻላል። ክፍቱንም ግድግዳውን በሙሉ ከማንሳት ይልቅ ሰፊ የበር ያህል ቢያደርጉት። ሁለቱ ጎን ትንሽ ግድግዳ ከቀረ ጣሪያውም ይረጋል፣ ሳሎኑም ሰፊ ይመስላል።

ሲቪል ነኝ፦
ማሰሪያ ላሜራ ቱቦላሬው ላይ ይበየድና እንጨቱ በእሱ በቡሎን ይያዛል። ግን ጎንና ጎኑን ማስቀረት ያልከው ከሁላችንም ሐሳብ ይበልጣል። ወጪም ይቀንሳል። እህቴ፣ እዚህ ላይ ትኩረት ስጪ።

ለሳኙ፦
ለሲሚንቶው የሽቦ መረብ ምቱበት ብያለሁ። ብዙ ቤት ሠርቻለሁ።

የጭቃ ልጅ፦
ወንድም ለሳኝ፣ መረቡ ሲሚንቶውን ለጊዜው ይይዘዋል እንጂ ችግሩን አያነሳውም። ጭቃ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ሲሚንቶ ግትር ነው፣ አብሮት አይሄድም። ስለዚህ ይለያያሉ። ከዚያ በስንጥቁ ውሃ ይገባል፣ ሲሚንቶው ደግሞ እርጥበቱ በቀላሉ እንዲወጣ አያደርግም። ውስጡ ያለው ማገርና ቋሚ በዚያ እርጥበት ይበሰብሳል። ከውጭ ያማረ ግድግዳ ሆኖ ውስጡ ባዶ የሆነ ቤት በዓይኔ አይቻለሁ፣ ያሳዝናል።

እህቴ፣ የለቀቀውን ሲሚንቶ በሙሉ አንሺው። ከታች፣ ከመሬቱ አጠገብ ነው የሚላጠው ወይስ ከመሀል? ከታች ከሆነ ልስኑን ተዪና ውሃውን ተከተዪ። ሽሮሜዳ ዳገት ነው፣ ከላይ የሚወርደው ጎርፍ የኋላውን ግድግዳ ይመታዋል። ቦይ ቆፍራችሁ አዙሩት፣ አሸንዳውንም አስጠግኑ። ልስኑ በጤፍ ጭድ የተቦካ ጭቃ ይሁን። እየተረገጠ ይሰንብት፣ ቶሎ አይለጠፍ። የመጀመሪያው ምርጊት ደርቆ ሲሰነጣጠቅ አትደንግጪ፣ ሁለተኛው ይሸፍነዋል። መጨረሻው ላይ ኖራ ይቀባ። ኖራ ግድግዳውን አያፍነውም። ግን አሁን ግንቦት እያለቀ ነው። የውጭ ጭቃ በክረምት አይደርቅም። ለአሁኑ ሸራ ወይም ላስቲክ ከላይ አንጠልጥላችሁ ከዝናብ ጋርዱት፣ ከግድግዳው ግን ትንሽ ይራቅ፣ አየር ይግባ። ምርጊቱን መስከረም አልፎ ሥሩት።

ቤቲ ቀለም፦
ኖራውን እኔም እደግፋለሁ። የፕላስቲክ ቀለም የጭቃ ግድግዳ ላይ አትቀቡ፣ እሱም እንደ ሲሚንቶው ያፍነዋል። እህት፣ ድጋፉ ቆመ ወይ? እማማስ ወጣች?

ጋሼ ነባር፦
እኔም መልሱን እየጠበቅሁ ነው ልጄ። የጭቃ ልጅ የተባልከው፣ ተባረክ። ለሌሎቻችሁም አንድ ልጨምር። ቆርቆሮ የምትቀይሩ ከሆነ ጌጁን ጠይቃችሁ ግዙ። ቁጥሩ ሲያንስ ውፍረቱ ይጨምራል፣ 28 ከ32 ይወፍራል። ወፍራም ቆርቆሮ ግን ይከብዳል፣ የደከመ ወራጅ ላይ አይጫንም። መጀመሪያ እንጨቱ፣ ቀጥሎ ቆርቆሮው።

የአዲሱ ገበያው፦
ይቅርታ በመሀል ገብቼ። እኛም የአያቶቻችንን ቤት ልናድስ ነው። ግድግዳው ሲቧጠጥ ቋሚዎቹ ቀላ ያሉ፣ ሽታ ያላቸው እንጨቶች ሆነው አገኘናቸው። ሠራተኛው «አርጅተዋል፣ በአዲስ ባህር ዛፍ እንቀይራቸው፣ አሮጌዎቹን እኔ እወስዳቸዋለሁ» ይላል። እንስማማ?

የኮልፌው አናጢ፦
አትስማሙ! ጥድ ሳይሆን አይቀርም። እግሩን በካቻቢቴ ውጉት። ካልገባ አይነቀልም፣ ከአዲሱ ባህር ዛፍ የተሻለ ነው። እግሩ ብቻ የተበላ ካለ፣ ጣሪያው በድጋፍ ተይዞ የተበላው ይቆረጥና ከስሩ በድንጋይና በሲሚንቶ መሠረት ይሠራለታል። ቀሪው እንጨት እዚያው ቦታው ላይ ይቀጥላል። የሚነቀል ካለም ግቢ ውስጥ ይቀመጥ፣ ለበር መቃን ይሆናል። ለሠራተኛው አትስጡት።