ቀለሙ ያበራል፣ ፕሮቲኑ ግን ወይ ፍንክች

አራት ኪሎ የማስተርስ ጥናቴን እየሠራሁ ነው። ኤስአይአርኤንኤን (የአንድን ፕሮቲን መመረት የሚገታ አጭር አርኤንኤ) 90 ናኖሜትር በሆነ የስብ ቅንጣት ጠቅልዬ የጡት ካንሰር ሴሎች ላይ እጨምራለሁ። ለመከታተል እንዲመቸኝ አርኤንኤው ላይ ሲዋይ5 የተባለ የሚያበራ ቀለም አለ። በ24 ሰዓት ሴሎቹ ውስጥ ነጠብጣብ ነጠብጣብ ሆኖ ያበራል (በዓይን ሳይሆን በካሜራው)። ደስ አለኝ! የታለመው ፕሮቲን ግን ወይ ፍንክች።

48 ሰዓት ጠበቅኩ፤ ያው ነው። መጠኑን እጥፍ ሳደርገው ሴሎቹ ሞቱ። መብራት ጠፍቶ ፍሪጁ አበላሽቶት ይሆናል ብዬ አዲስ ቅንጣት ሠራሁ፤ ለውጥ የለም። ያው አርኤንኤ በሊፖፌክታሚን (አርኤንኤን ወደ ሴል ማስገቢያ የላብ ውህድ) ሲገባ ግን ፕሮቲኑን ይቀንሳል።

ኮንፎካል ማይክሮስኮፕ (ሴሉን በስስ ንብርብር ለይቶ የሚያሳይ) የለኝም። ያለኝ ተራ የፍሎረሰንስ ማይክሮስኮፕና አረንጓዴ ሊሶትራከር (የሴሉን አሲዳማ ከረጢቶች የሚያቀልም) ነው። አርኤንኤው ኢንዶሶም (ሴሉ ከውጭ ያስገባውን የሚይዝበት ከረጢት) ውስጥ ታግቶ ይሁን ቀለሙ ተላቆ ብቻውን እያበራ፣ በእነዚህ ብቻ እንዴት ልለየው?