ከባድ የሕመም ውጤት በመጀመሪያ ለማን ይነገር? ለታማሚው ወይስ ለቤተሰቡ?

የክርክሩ መነሻ፦ ባሕር ዳር ውስጥ ሐኪም ካንሰርን የመሰለ ከባድ ውጤት ሲያገኝ ብዙ ጊዜ የታማሚውን ልጅ ወይም ወንድም ወደ ጎን ጠርቶ ይነግራል። ታማሚው አይሰማም። ይህ አሠራር ይቀጥል ወይስ ይቁም?

ከሽምብጥ፦ ይቀጥል ባይ ነኝ። በእኛ አገር ሰው ብቻውን አይታመምም። መርዶ እንኳ ወግ አለው፤ ሽማግሌ ይጠራል፣ ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ማለዳ ይነገራል። ወረፋ ጠባቂ በር ላይ በተኮለኮለበት ክፍል አንድ ወጣት ሐኪም ለአዛውንት ሰው «ካንሰር ነው» ብሎ ወረቀት ቢያቀብል ጭካኔ ነው። ተስፋ የቆረጠ ሰው እህል ውኃ ይተዋል። እናቴ ቢታመሙ መጀመሪያ እኔ ልስማው።

ነርሷ፣ ከዓባይ ማዶ፦ ወንድሜ፣ ስለ አነጋገሩ ያልከው እውነት ነው። ነገር ግን ታማሚው ምንም አያውቅም ብለህ አታስብ። ሐኪሞች አልጋው ሥር ቆመው በእንግሊዝኛ ሲነጋገሩ እርሱ ፊታቸውን ያነባል። ልጁ ኮሪደር ላይ ዓይኑን ጠርጎ፣ ፈገግታ ተላብሶ ይገባል። በሌሊት ተረኛ ስሆን አስታማሚው መድኃኒት ፍለጋ ሲወጣ እጄን ይይዙና «ልጄ፣ አንቺ ንገሪኝ፤ እነርሱ ሲያለቅሱ አይቻለሁ» ይሉኛል። የካንሰር መድኃኒት እየወሰዱ «የጨጓራ ነው» የተባሉ አሉ። ፀጉራቸው መርገፍ ሲጀምር ማንን ይመኑ? ጨጓራ ብቻ ከሆነ ብለው ክትትላቸውን አቋርጠው ወደ አገራቸው የሚመለሱም አይቻለሁ።

የሕግ ባለሙያው፦ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 20 ማንኛውም ሰው ምርመራንም ሆነ ሕክምናን በማንኛውም ጊዜ እምቢ ማለት እንደሚችል ይደነግጋል። ያልተነገረው ሰው ምኑን እሺ ወይም እምቢ ይላል? አእምሮው ሙሉ የሆነ አባት ተኝቶ እያለ የቀዶ ሕክምና ስምምነት ላይ ልጁ የሚፈርምበትን ምክንያት አላየሁም። የወንጀል ሕጉ በአንቀጽ 399 የሙያ ምስጢር መግለጥን ያስቀጣል። ታማሚውን ሳያስፈቅድ ለዘመድ የሚያወራ ሐኪም ይህን አንቀጽ ሊያስብበት ይገባል።

ከሽምብጥ፦ አንቀጹን አልክድም። ሆኖም «እኔ ብቻ ልወስን» ማለት ከፈረንጅ የመጣ ነው።

የሕክምና መምህሩ፦ ፈረንጆቹም ይደብቁ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1961 ዶናልድ ኦከን ቺካጎ ውስጥ ሐኪሞችን ሲጠይቅ 90 በመቶ ያህሉ ካንሰርን ለታማሚው አለመንገርን እንደሚመርጡ ተናገሩ። በ1979 ተመሳሳይ ጥያቄ ለአሜሪካ ሐኪሞች ሲቀርብ 97 በመቶዎቹ መናገርን መረጡ። በአንድ ትውልድ የተለወጠ የሐኪሞች ልማድ ነው፤ የእኛም ሊለወጥ ይችላል። ለተማሪዎቼ የማስተምረው ከመናገር በፊት መጠየቅን ነው። «ስለ ሕመምዎ እስካሁን ምን ተነገረዎት? ውጤቱን ራስዎ መስማት ይፈልጋሉ ወይስ የሚሰማልዎ ሰው አለ?» ይህን ያልጠየቀ ሐኪም ቢናገርም ቢደብቅም አላግባብ ነው።

ከዘጌ፦ እኔ የማነሣው ሌላ ነው። ጎረቤታችን ሳይነገራቸው ለጨረር ሕክምና ወደ ጥቁር አንበሳ እንዲሄዱ ተወሰነ። ለወጪው የቡና ማሳቸው ለገዢ ቀረበ። ማሳው የእርሳቸው፣ ሕመሙም የእርሳቸው፤ ውሳኔው ግን የልጆቻቸው። ከታናሽ ወንድማቸው ጋር ለዓመታት ተኳርፈው ነበር። ቢያውቁ ኖሮ ሽማግሌ ልከው ይታረቁ፣ የንስሐ አባታቸውን ጠርተው ይናዘዙ ነበር። ሳይታረቁ አረፉ። ሽማግሌ ጠርቶ መርዶ የሚነግር ሕዝብ ለሟቹ ለራሱ ጊዜ መንፈጉ ያሳዝነኛል።

ከሽምብጥ፦ የዕርቁ ነገር ከብዶኛል፤ መልስ የለኝም። ግን እናቴ «ለልጄ ንገሩት፣ እኔ መስማት አልፈልግም» ቢሉስ?

ነርሷ፦ እንግዲያውስ ውሳኔው የእርሳቸው ነው፤ ካርዳቸው ላይ ይጻፍና ለአንተ ይነገርሃል። ነገ ሐሳባቸውን ቢለውጡም ይከበርላቸዋል። አንድ ነገር ብቻ፦ ጥያቄው አንተ በሌለህበት ይቅረብላቸው። ልጅ ፊት «መስማት እፈልጋለሁ» የምትል እናት ጥቂት ናት።

ከሽምብጥ፦ ለብቻ ሊያነጋግሩ የሚችሉበት ክፍልስ የት አለ?

የሕክምና መምህሩ፦ ክፍሉ ይጠባል፤ አልዋሽም። ነገር ግን ታማሚውን ከወረፋው መጨረሻ ማስገባት፣ በሩን መዝጋት፣ ተቀምጦ በአማርኛ ማነጋገር በጀት አይጠይቅም። ዘመዱም በታማሚው ፈቃድ አብሮ ይቀመጥ።