በአርኦቪ ጄሊ መሳይ እንስሳትን መቅረጽና ማውጣት፦ ምስሉ በብናኝ ይሞላል፣ ናሙናው ይበጣጠሳል

ሳይፎኖፎር (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁም። ጥያቄዬ 300 ኪሎ ግራም ገደማ ስለሚመዝንና እስከ 1,000 ሜትር ስለሚወርድ አርኦቪ (ከመርከብ በገመድ የሚመራ ሰው አልባ የባሕር ሮቦት) ነው። የሚፈለገው ከ400 እስከ 800 ሜትር ጥልቀት ላይ የሚንሳፈፉ ጄሊፊሾችን፣ ቲኖፎሮችንና (በማበጠሪያ መሰል ረድፎች የሚዋኙ ጄሊ መሳይ እንስሳት) ሳይፎኖፎሮችን (ሰንሰለት መሰል ጄሊ እንስሳት) መቅረጽ፣ ጥቂቶቹንም በሕይወት ማውጣት ነው። መብራቶቹ ከካሜራው ግራና ቀኝ በ15 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ ተገጥመዋል፤ ምስሉ በነጭ ብናኝ ተሸፍኖ እንስሳው አይለይም። ላይ ሚዛኑ ልክ የነበረው ሮቦት 700 ሜትር ሲደርስ ወደ ላይ ይሄዳል፤ ፓይለቱም (ሮቦቱን የሚነዳው ሰው) ባለበት ለማቆየት የቁልቁል ገፊውን ሞተር ማጥፋት አይችልም። በመምጠጫው (እንስሳውን ከነውኃው በፓምፕ በሚስበው ቱቦ) የሚገባው ሳይፎኖፎር ደግሞ ቁርጥራጩ ብቻ ነው የሚገኘው። ነጩን መብራት በቀይ ቀይሩ የሚሉም አሉ። ከየቱ ይጀመር?

ገመድ ያዥ፦
ከሚዛኑ ጀምር። እሱ ሳይስተካከል መብራቱም መምጠጫውም አይረባህም፤ ሞተር እየሠራ ሳይፎኖፎር አጠገብ መድረስ አይቻልምና።

ወደ ላይ የሚሄድበት ምክንያት የውኃው እፍግታ ነው። 28 ዲግሪ የሞቀ የላይኛው የባሕር ውኃ በሜትር ኩብ 1,022 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል፤ 700 ሜትር ላይ 6 ዲግሪ የሆነው ደግሞ ወደ 1,030 ይጠጋል። ግማሽ የሚበልጠው ልዩነት የመጣው ከቅዝቃዜው ሲሆን የቀረው ከግፊቱ ነው። የአንተ አርኦቪ የሚይዘው ቦታ 0.29 ሜትር ኩብ ያህል ስለሆነ፣ ከታች ከ2 ኪሎ ግራም በላይ የሆነ ተጨማሪ የመንሳፈፍ ኃይል ያገኛል። ሮቦቱ ራሱ በግፊቱ ትንሽ ስለሚጨመቅ ትክክለኛው ቁጥር ከዚህ ዝቅ ይላል። ስለዚህ ስሌቱን መነሻ አድርገው እንጂ የመጨረሻ መልስ አይደለም።

መርከቡ ላይ 1.5 ኪሎ ግራም እርሳስ ጨምርና አውርደው። 700 ሜትር ላይ ሞተሮቹን በሙሉ አጥፍተህ ለአምስት ደቂቃ የጥልቀት መለኪያውን ተመልከት። በደቂቃ ከአንድ ሜትር በላይ ከወጣ ወይም ከወረደ በ200 ግራም፣ በ200 ግራም አስተካክል። ጨው በሌለው የመዋኛ ገንዳ የተሠራ ሚዛን አይታመንም፤ ባሕር ላይ ሲደርስ 7 ኪሎ ግራም ያህል ይሳሳታል። በየጊዜው በተቃራኒው እየከበደ ከመጣ ግን ተንሳፋፊው ፎም ውኃ እየጠጣ ነው ማለት ነው። ፎሙን ፈትተህ መዝነውና ከመጀመሪያ ክብደቱ ጋር አስተያይ።

ገመዱንም አትርሳ። ማዕበሉ መርከቡን ባነሳው ቁጥር ገመዱ ሮቦቱን ይነቀንቀዋል። ከሮቦቱ በላይ ባለው የመጨረሻ 40 ሜትር ላይ ትናንሽ ተንሳፋፊዎች አራርቀህ እሰር፤ ገመዱ እዚያ ላይ ላልቶ ሲታጠፍ ንቅናቄው እጥፋቱ ላይ ይቀራል። በሞንተሬይ ቤይ ምርምር ተቋም የነበረው ቲቡሮን የተባለው አርኦቪ በኤሌክትሪክ ገፊዎችና ተንሳፋፊነቱን በሚቀያይር ሥርዓት የተሠራውም ለዚሁ ጸጥታ ነው።

ደብዛዛ ብርሃን፦
ስለ መብራቱ፦ 15 ሴንቲ ሜትር በጣም ቅርብ ነው። በካሜራውና በእንስሳው መካከል ያለው ብናኝ ሁሉ ብርሃኑን መልሶ ወደ ሌንሱ ይረጨዋል። መብራቶቹን በክንድ አርዝመህ እያንዳንዱን ቢያንስ አንድ ሜትር ወደ ጎን አውጣ። ጨረሮቹ እንስሳው ያለበት ርቀት ላይ ብቻ እንዲገናኙ አዙራቸው፤ ከሌንሱ ፊት ያለው ውኃ ጨለማ ሆኖ መቅረት አለበት። ብርጭቆ መሳይ ለሆኑት ቲኖፎሮች ከፊት የሚመጣ መብራት ጥቅም የለውም፤ ሰውነታቸውን አልፎ ይሄዳል። ከጎንና ትንሽ ከኋላ ሲመታቸው ግን የሰውነታቸው ጠርዝና የማበጠሪያ መሰል ረድፎቻቸው ያበራሉ።

አውቶፎከስን አጥፋ፤ ብናኙን ያሳድዳል። የፎከሱን ርቀት 80 ሴንቲ ሜትር ላይ በእጅ ወስንና ፓይለቱ እንስሳውን ወደዚያ ርቀት ያምጣው። ኤክስፖዠሩና (ካሜራው የሚቀበለው የብርሃን መጠን) የነጭ ሚዛኑም (የቀለም ማስተካከያው) በእጅ ይሁን።

ቀይ መብራት ቦታ አለው፣ ግን ለአንተ ሥራ አይደለም። አብዛኞቹ የጥልቅ ባሕር እንስሳት ቀይ ስለማያዩ ዓሣና ስኩዊድ ሳይደነግጥ ለማየት ይጠቅማል። ውኃ ግን ቀይን በጥቂት ሜትር ውስጥ ይውጠዋል። ባለ ቀለም ካሜራም ቀይ የሚቀበለው በአንድ አራተኛው ፒክስል ብቻ ነው። ስለዚህ ጥቁርና ነጭ የሆነ፣ ደካማ ብርሃን የሚችል ካሜራ ትፈልጋለህ። ሁሉም እንስሳ አያይም ብለህም አትደምድም፤ ማላኮስቲየስ የተባለው ዓሣ ራሱ ቀይ ብርሃን ያመነጫል፣ ያያልም።

መጠን የምትለካው በሁለት ትይዩ ሌዘር ከሆነ፣ በሁለቱ ጨረሮች መካከል ያለውን ክፍተት (ለምሳሌ 10 ሴንቲ ሜትር) ውኃ ውስጥ በግማሽ፣ በአንድና በሁለት ሜትር ርቀት አረጋግጥ። ሌዘር ግን ግልጽ ሰውነት ላይ ነጥብ አይጥልም፤ ለእነዚህ ሁለት ካሜራ ጎን ለጎን ማሠራት ይሻላል። ቪዲዮውን እንደ ተራ ነገር አትየው። ዱኦብራኪየም ስፓርክሴ የተባለችው ቲኖፎር በ2015 ፖርቶ ሪኮ አካባቢ 3,900 ሜትር ገደማ ላይ ተቀርጻ፣ በ2020 አዲስ ዝርያ ተብላ የተመዘገበችው አንድም ናሙና ሳይያዝ በቪዲዮ ብቻ ነው።

ክሬሴል፦
ለሳይፎኖፎር መምጠጫውን ተወው። ሁለት ጫፉ ክፍት የሆነ፣ በተንሸራታች ክዳን የሚዘጋ ግልጽ ሲሊንደር ያስፈልግሃል። ፓምፕ የለውም። ፓይለቱ ሮቦቱን በዝግታ ወደፊት ይነዳል፣ ውኃው በሲሊንደሩ ውስጥ ያልፋል፣ እንስሳው መሃል ሲደርስ ሁለቱ ክዳኖች ይዘጋሉ። ክዳኑ በኃይል ቢዘጋ የሚፈጥረው የውኃ ግፊት ብቻውን ይበጣጥሰዋል፤ ለመዝጋት ሁለትና ሦስት ሰከንድ እንዲፈጅ ክዳኖቹን የሚያንቀሳቅሰውን የሃይድሮሊክ ፍሰት ቀንስ። መምጠጫው ጠንከር ላሉት፣ ለሽሪምፕና ለትናንሽ ዓሦች ይሁን። እዚያም ፓምፑ ከናሙና ዕቃው በኋላ መሆን አለበት፤ በፊት ከሆነ እንስሳው በፓምፑ ምላጭ ውስጥ ያልፋል።

ጄሊዎች አየር የተሞላ ከረጢት ከሌላቸው የግፊቱ መቀነስ ብዙም አይጎዳቸውም፤ የሚገድላቸው ሙቀቱ ነው። በደቂቃ 30 ሜትር ብትወጣ ከ700 ሜትር 23 ደቂቃ ይፈጃል፣ የሲሊንደሩ ስስ ግድግዳም ሙቀት ያስገባል። በፎም ሸፍነው። መርከቡ ላይ የተጣራና 5 ዲግሪ የቀዘቀዘ የባሕር ውኃ ቀድሞ ይዘጋጅ። እንስሳውን በመረብ አታንሳ፤ ከነውኃው በሰፊ ጽዋ ቅዳው። ብዙ ቲኖፎሮች ፎርማሊን ውስጥ ስለሚሟሙ ለዘረመል ምርመራ የሚሆነውን ቁራጭ ወዲያው 95 በመቶ ኤታኖል ውስጥ ክተት።

ሳይፎኖፎር (ጠያቂ)፦
በጣም አመሰግናለሁ፣ እርሳሱና የመብራት ክንዶቹ ይቀድማሉ። አንድ ነገር ልጨምር፦ ከ600 ሜትር በታች የግራው ገፊ የኤሌክትሪክ ፍሳሽ ማስጠንቀቂያ ይሰጣል፣ መርከቡ ላይ ሲለካ ግን ደህና ነው። ኦሪንጎቹ (ውኃ የሚከለክሉት የጎማ ቀለበቶች) አዲስ ናቸው።

ገመድ ያዥ፦
ገፊው የተሞላበት ዘይት ውስጥ አየር ቀርቷል ብዬ ነው የምጠረጥረው። 700 ሜትር ላይ ግፊቱ ከላይኛው 71 እጥፍ ነው፤ 100 ሚሊ ሊትር አየር ከ1.5 ሚሊ ሊትር በታች ይሆናል። የጎደለውን የግፊት ማካካሻው (ተጨማሪ ዘይት የያዘው ዕቃ) ይሞላል፣ ማካካሻው ሲያልቅ ደግሞ ባሕሩ ይገባል። ስትወጣ አየሩ ተመልሶ ይሰፋና ማካካሻው ሙሉ ይመስላል፤ ለዚህ ነው መርከቡ ላይ ምንም የማይታየው። ዘይቱን ከሥር በኩል አውጣና ወተት መስሎ እንደሆነ እይ፤ ከመሰለ ውኃ ገብቷል። ከዚያ ገፊውን የአየር ማስወጫው ወደ ላይ እንዲሆን አዘንብለህ ከታች በኩል በዝግታ ሙላ፤ አረፋ እስኪያቆም ማስወጫውን አትዝጋ። የቫኩም ፓምፕ ካለህ ዘይቱን ከመሙላትህ በፊት አየሩን ምጠጥለት። የማካካሻው ስፕሪንግ ከውጭው ግፊት ግማሽ ባር ያህል አብልጦ መያዙን ካረጋገጥክ በኋላ በገፊው ሽቦዎችና በመሬት (በብረት አካሉ) መካከል ያለውን የኤሌክትሪክ መከላከል አቅም ለካ፤ ከአንድ ሜጋኦም በታች ከሆነ አታውርደው።