በህንድ የግዛት ዋና ሚኒስትርን የሚሾመውና የሚሽረው ማን ነው?

ጥያቄ፦

ስለ ፌዴራል ፓርላሜንታዊ ሥርዓቶች ሳነብ ህንድ ላይ ስደርስ አንድ ነገር አልጠራልኝም። የእያንዳንዱን ግዛት መንግሥት የሚመራው፣ እኛ ርዕሰ መስተዳድር ከምንለው ባለሥልጣን ጋር የሚመሳሰለው ዋና ሚኒስትር ነው። ሆኖም የአገሪቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 164 ዋና ሚኒስትሩን የሚሾመው አገረ ገዥው መሆኑን ይደነግጋል፤ ሚኒስትሮቹም በሥልጣን የሚቆዩት አገረ ገዥው እስከፈቀደ ድረስ ነው ይላል። አገረ ገዥው ደግሞ ማንም ያልመረጠው፣ በማዕከላዊው መንግሥት ምክር በፕሬዚዳንቱ የሚሾም ሰው ነው። ቃሉን እንዳለ ከወሰድነው ማዕከላዊው መንግሥት ያልወደደውን ዋና ሚኒስትር በአንድ ደብዳቤ ሊሽረው ይችላል ማለት ነው። እንዲህ ከሆነ ግዛቶቹ የራሳቸው መንግሥት አላቸው ለማለት ያስቸግራል። በተግባር እንዴት እንደሚሠራ የምታውቁ ብታስረዱኝ እጅግ አመሰግናለሁ።

መልስ 1፦

ጥያቄዎ ተገቢ ነው፤ ህንዳውያን የሕግ ሰዎችም ለበርካታ ዓመታት የተከራከሩበት ጉዳይ ነው። (ቀናቱን፣ ወራቱንና ዓመታቱን የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) መጀመሪያ ያነሱትን አንቀጽ እስከ መጨረሻው ማንበብ ይጠቅማል፤ እዚያው አንቀጽ 164 ውስጥ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በጋራ ተጠያቂነቱ ለግዛቱ ሕግ አውጪ ምክር ቤት እንደሆነ ተጽፏል። ስለዚህ አገረ ገዥው የሚሾመው ደስ ያለውን ሰው ሳይሆን የምክር ቤቱን አብላጫ ድምፅ የያዘውን ሰው ነው፤ «እስከፈቀደ ድረስ» የሚለውም ሐረግ ዋና ሚኒስትሩ አብላጫውን ይዞ እስካለ ድረስ ሊሠራበት አይችልም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1974 በሻምሸር ሲንግ ጉዳይ አገረ ገዥው ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር በሚኒስትሮቹ ምክር ብቻ የሚሠራ መሆኑን በማያሻማ ቋንቋ ወስኗል።

እርስዎ የጠረጠሩት አደጋ ግን በሌላ በር ገብቷል። አንቀጽ 356 የግዛቱ አስተዳደር በሕገ መንግሥቱ መሠረት ሊቀጥል አልቻለም ተብሎ ሲታመን ፕሬዚዳንቱ የግዛቱን መንግሥት ሥልጣን እንዲረከብ ይፈቅዳል፤ ይህም በተለምዶ የፕሬዚዳንት አገዛዝ ይባላል። በኬረላ በ1957 ተመርጦ ሥልጣን የያዘው የናምቡዲሪፓድ የኮሙኒስት መንግሥት ሐምሌ 31 ቀን 1959 የተሰናበተው በዚሁ አንቀጽ ሲሆን፣ በዚያች ቀን በምክር ቤቱ አብላጫውን አላጣም ነበር። በ1977 በማዕከል አዲስ መንግሥት ሲመጣ ተቃዋሚው የሚመራቸውን 9 የግዛት መንግሥታት በአንድ ጊዜ አሰናበተ፤ በ1980 ሥልጣን ሲለወጥም ተተኪው መንግሥት በተራው 9 አሰናበተ። በእኔ አስተያየት የግዛት ምርጫ ዋጋ ከሁሉ በላይ የተዋረደው በእነዚህ ሁለት ዓመታት ነው፤ ሕዝቡ የሰጠው ድምፅ ጊዜው ሳይደርስ የተሻረው ግዛቶቹ ውስጥ በተፈጠረ ችግር ሳይሆን በማዕከል በተደረገ ምርጫ ምክንያት ነበርና።

ይህን አካሄድ የገታው ሰው ራሱ የተሰናበተ ዋና ሚኒስትር ነው። በ1989 የካርናታካ አገረ ገዥ፣ 19 የምክር ቤት አባላት ድጋፋቸውን እንዳነሱ የሚገልጹ ደብዳቤዎች ደርሰውኛል ብሎ ለፕሬዚዳንቱ ጻፈ። ከእነዚህ አባላት 7ቱ ወዲያው ቃላቸውን መልሰው ነበር፤ ዋና ሚኒስትሩ ኤስ. አር. ቦማይም አብላጫ እንዳለኝ በምክር ቤቱ ፊት ላረጋግጥ ብለው ጠየቁ። ዕድሉ ሳይሰጣቸው መንግሥታቸው ተሰናበተ። ክሱ 9 ዳኞች በተሰየሙበት ችሎት ታይቶ በ1994 ሲወሰን፣ የአንድ መንግሥት አብላጫ የሚለካው በአገረ ገዥው ቤት በሚቆጠር ደብዳቤ ሳይሆን በምክር ቤቱ ወለል ላይ በሚሰጥ ድምፅ መሆኑ ተረጋገጠ። የፕሬዚዳንት አገዛዝ አዋጅም በፍርድ ቤት ሊመረመር እንደሚችልና ፓርላማው ሳያጸድቀው የግዛቱ ምክር ቤት ሊበተን እንደማይችል ተወሰነ። ውሳኔው ለቦማይ ወንበራቸውን አልመለሰላቸውም፤ ከእርሳቸው በኋላ ለመጡት ግን ጋሻ ሆኗቸዋል።

መልስ 2፦

ከላይ በተሰጠው ማብራሪያ እስማማለሁ፤ ውሳኔው በተግባር እንዴት እንደሠራ ላክልበት። የካቲት 1998 የኡታር ፕራዴሽ አገረ ገዥ ዋና ሚኒስትሩን ካልያን ሲንግን አሰናብቶ በዚያው ሌሊት ጃግዳምቢካ ፓልን ቃለ መሐላ አስፈጸመ። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሲደርስ ፍርድ ቤቱ ያዘዘው ሁለቱ ሰዎች በአንድ ስብሰባ በምክር ቤቱ ፊት እንዲመዘኑ ነበር። ካልያን ሲንግ በ225 ለ196 ድምፅ አሸንፈው በሥልጣን ቀጠሉ።

ምርጫው ማንንም ያልለየ ሲሆን ደግሞ የአገረ ገዥው ሚና ይጨምራል፤ ቀድሞ የሚጠራው ሰው ደጋፊ ለማሰባሰብ ጊዜ ያገኛልና። በ2018 በካርናታካ ብዙ መቀመጫ ያገኘው ፓርቲ ከ224ቱ 104 ብቻ ይዞ ሳለ መሪው ዬዲዩራፓ ቃለ መሐላ ፈጽመው አብላጫቸውን እንዲያሳዩ 15 ቀን ተሰጣቸው። ፍርድ ቤቱ ጊዜውን በሰዓታት ወደሚቆጠር አሳጠረው፤ እርሳቸውም ድምፁ ሳይሰጥ ለቀቁ። በ2019 በማሃራሽትራ ዴቬንድራ ፋድናቪስ በማለዳ፣ ብዙ ሰው ዜናውን ሳይሰማ ቃለ መሐላ ፈጽመው ነበር፤ በአራተኛው ቀን ፍርድ ቤቱ በማግስቱ ድምፅ ይሰጥ ብሎ ሲያዝ በዚያኑ ዕለት ሥልጣናቸውን ለቀቁ። በሁለቱም ጊዜ ፍርድ ቤቱ ዋና ሚኒስትር ልምረጥ አላለም፤ ቆጠራው እንዲፋጠን ብቻ ነው ያዘዘው። ይህ ጥንቃቄ የሚያስመሰግነው ይመስለኛል።

ጠያቂው፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ አሁን ብዙው ግልጽ ሆኖልኛል። አንድ ነገር ግን ልጨምር፤ በማሃራሽትራ ከፋድናቪስ በኋላ የመጡት ኡዳቭ ታክሬይ በወቅቱ የምክር ቤት አባል እንዳልነበሩ አንብቤአለሁ። አባል ያልሆነ ሰው እንዴት ዋና ሚኒስትር ይሆናል?

መልስ 3፦

ይቻላል፤ ነገር ግን ለስድስት ወር ብቻ ነው። አንቀጽ 164 ለተከታታይ ስድስት ወራት የሕግ አውጪው አባል ሳይሆን የቆየ ሚኒስትር ሥልጣኑን ያጣል ይላል፤ ዋና ሚኒስትሩም በዚህ ይገዛል። ታክሬይ ኅዳር 2019 ተሹመው፣ ወረርሽኙ ምርጫዎችን አስተጓጉሎባቸው፣ ቀነ ገደቡ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ያህል ሲቀረው ግንቦት 2020 ለግዛቱ የላይኛው ምክር ቤት ያለ ተፎካካሪ ተመረጡ። ማማታ ባነርጂም በ2021 ፓርቲያቸው ምዕራብ ቤንጋልን በሰፊ ልዩነት ሲያሸንፍ እርሳቸው በተወዳደሩበት በናንዲግራም ተሸነፉ፤ ሆኖም ዋና ሚኒስትር ሆነው በዚያው ዓመት በባባኒፑር በተደረገ የማሟያ ምርጫ መቀመጫ አገኙ። በዚያው ዓመት የኡታራካንዱ ቲራት ሲንግ ራዋት የማሟያ ምርጫ ሳይደረግላቸው ገደቡ ሲቃረብ፣ ከተሾሙ አራት ወር ሳይሞላቸው ለቀቁ። ስድስት ወሩ ሲያልቅ ወርዶ፣ ሳይመረጡ እንደገና መሾም የሚባል ዘዴም በአንድ የፑንጃብ ሚኒስትር ተሞክሮ ነበር፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2001 ሕገ መንግሥቱን የሚጻረር ነው ብሎ ዘጋው።

መልስ 4፦

እስካሁን የተባለው ሁሉ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ዋና ሚኒስትርን ዛሬ በብዛት የሚያወርደው አገረ ገዥውም ምክር ቤቱም ሳይሆን የራሱ ፓርቲ መሆኑ መዘንጋት የለበትም። በ2021 ብቻ ካርናታካ፣ ጉጃራትና ፑንጃብ ያለ አንዳች ምርጫ ዋና ሚኒስትር ቀይረዋል፤ ኡታራካንድማ በአንድ ዓመት ሦስት ዋና ሚኒስትሮች አየች። በካርናታካ በምትክነት የተሾሙት ባሳቫራጅ ቦማይ የዚያ የ1989ኙ ዋና ሚኒስትር ልጅ ናቸው። በ1985 የወጣው የፓርቲ ከዳተኞችን የሚቀጣው ማሻሻያ፣ የፓርቲውን ትእዛዝ ጥሶ ድምፅ የሰጠ አባል መቀመጫውን እንዲያጣ ስለሚያደርግ፣ በወለሉ ላይ የሚቆጠረው ድምፅ የአባሉ ነው ወይስ የፓርቲው ጽሕፈት ቤት ነው ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። በዚህ ነጥብ በአባቱ በኤስ. አር. ቦማይ ጉዳይ የተሰጠው የ1994ቱ ውሳኔ መፍትሔ አልሰጠንም።

መልስ 1፦

ትችትዎን እቀበላለሁ፤ የፓርቲ ጉዳይ በፍርድ ቤት የሚስተካከል አይደለም። ያም ሆኖ ቆጠራው ባዶ ሥርዓት እንዳልሆነ የሚያሳየው የእነዚያው የታክሬይ ፍጻሜ ነው። ሰኔ 2022 ፓርቲያቸው ለሁለት ሲከፈል አገረ ገዥው የመተማመኛ ድምፅ እንዲጠይቁ አዘዘ፤ እርሳቸው ግን ድምፁ ሊሰጥ አንድ ቀን ሲቀረው ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ግንቦት 2023 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አገረ ገዥው ያን ትእዛዝ ለመስጠት በቂ ምክንያት እንዳልነበረው ወሰነ። በ2016 በአሩናቻል ፕራዴሽ ናባም ቱኪን ወደ ወንበራቸው የመለሰው ይኸው ፍርድ ቤት ታክሬይን ግን መመለስ አልችልም አለ፤ ምክንያቱም በምክር ቤቱ ፊት ሳይቆጠሩ በገዛ ፈቃዳቸው ወርደዋል።